ጀሚላ ስኳር የጠቀለለችበት ስዕል

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳር ሲያመላልስ ማየት ግራ ያጋባል። አቶ ሃድጉ ግን በየቀኑ ካዛንቺስ ጀሚላ ሱቅ እየሄዱ ሩብ ኪሎ ይገዙ ነበር። ከለገሃር ባቡር ጣቢያ በጡረታ የተገለሉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ የሰፈሩ ሰንበቴ ሰብሳቢ ናቸው። ሻዩን ለማን ሊያፈሉ ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ጀሚላ ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ ቤት የወጡ አሮጌ የአስፈሪ ስዕላዊ ታሪክ መጽሔቶች ገዝታ፣ እየቀደደች ስኳር ትጠቀልልባቸዋለች። የመጀመሪያ ዕለት አቶ ሃድጉ ለሰንበቴው ሻይ የገዙትን ስኳር ገልብጠው ወረቀቱን ሊጥሉ ሲሉ እጃቸው ባለበት ቀረ። ጥርሱን ያገጠጠ ጭራቅ ከመቃብር ይወጣል፤ አንዲት ልጅ ፋኖስ ይዛ ቆማለች። እንግሊዝኛው አይገባቸውም፤ የእሳቸው ባቡር ጣቢያ የለመዱት ፈረንሳይኛ ነው። ጭራቁም አላስፈራቸውም። የገረማቸው ሰዓሊው ነው፤ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ መስመር በመስመር ላይ እየደረበ ጨለማውን ሠርቶ፣ የፋኖሱን ብርሃን ወረቀቱን ባዶ በመተው አወጣው።

ገጾቹን በመዳፋቸው እያስተካከሉ አልጋቸው ሥር ደረደሯቸው። ከሰዓት በኋላ አውጥተው ያያሉ። «ይችን ጥላ እያት» ሊሉ ዞር ሲሉ ማንም የለም። የሚከፋቸው ይሄ ነበር።

አንድ ቀን ቤት እስኪገቡ አላስቻላቸውም፤ ሱቁ ደጅ ላይ ስዕሉን እያዩ ፈዘዙ።

«ምን እያዩ ነው አቶ ሃድጉ?» አለች ከኋላቸው የሰንበቴዋ ወይዘሮ ስመኝ።

የሰንበቴ ሰብሳቢነታቸው ትዝ አላቸው። «በስመአብ፣ ሰይጣን ነዋ» ብለው አማተቡ። ጀሚላ ከባንኮኒው ኋላ ሰማች።

በማግስቱ ስኳሩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። በሳልስቱም እንዲሁ።

«ያ ወረቀት አለቀ እንዴ?» አሉ፣ ግድ የሌላቸው መስለው።

«አቃጠልኩት እኮ ጋሼ። ማለቴ፣ እርስዎ ሃይማኖተኛ ነዎት፤ ሲያማትቡ ሳይ ያስቀየምኩዎት መስሎኝ አፈርኩ። ሰው በእምነቱ አይነካም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን አሳዘነኝ። ያቺ ፋኖስ የያዘችው ልጅ በየገጹ ፀጉሯ ክር በክር ነበር የተሳለው። ገበያ ሲጠፋ እሷን ነበር የማየው፣ ብቻዬን።»

አቶ ሃድጉ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ። «እኔ ዘንድ አለች» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

ወይዘሮ ስመኝ ዳቦ ልትገዛ ብቅ አለች።

«ደግ አደረግሽ» አሉ ጀሚላን። ስኳራቸውን ይዘው ወጡ።

ቤት ገብተው ገጾቹን አልጋው ላይ ዘረጓቸው። ልጅቷን፣ ሰው ቢመጣ ቀድሞ እንዲያያት፣ ወደ በሩ አዙረው አስቀመጧት። በሩን ግን ሲገቡ ራሳቸው ቆልፈውታል።