ሃያ ደቂቃ የሚቆም ባቡር

ጫማ ሰሪው ቁልፉን ጠመዘዘ፤ መኪናው ጭጭ አለ። ደግሞ ጠመዘዘ። መብራት የለ፣ ክላክስ የለ፣ ሞተሩ ትንፍሽ አላለም።

«እንዴ! ትናንት አይደል እንዴ አዲስ ባትሪ ያስገባሁልህ?» አለ መሪውን እየደበደበ።

ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ተኩል። ባቡሩ አራት ሰዓት ላይ ጣቢያው ይደርሳል፤ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ወደ ወደቡ ይቀጥላል። ጣቢያው ደግሞ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ የሰፈሩ አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ሄዷል። ባቡሩ ውስጥ ያለችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ሲሞቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከተያዩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ባሕር ማዶ ልጇ ዘንድ ልትኖር መሄዷ ነው። ዛሬ ካመለጠችው መቼ እንደሚያያት አያውቅም።

«ምነው፣ ከመኪናው ጋር ተጣላችሁ?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡት ጎረቤታቸው ናቸው። ለነገር ሁሉ «ቀስ፣ ፍሬን ያዝ» ስለሚሉ ሰፈሩ ጋሽ ፍሬን ይላቸዋል።

«ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! ባትሪው ገና በአንድ ቀኑ ሞተ!»

«ቀስ! ሳንጠይቀው አትቅበረው።»

ሁለት ሽቦ የተቀጠለላት አምፖል ይዘው መጡ። የሽቦዎቹን ጫፎች ባትሪው አናት ላይ ካሉት ሁለት የእርሳስ ጉጦች ጋር አነካኩ። አምፖሏ ቦግ አለች።

«ባትሪህ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው» አሉ። ቀጥለው ጉጦቹን ያቀፉትን የኤሌክትሪክ ገመድ ቀለበቶች ነካኩ። አምፖሏ ድርግም እንዳለች ቀረች። «አየህ? ኃይሉ ከጉጡ ወደ ቀለበቱ አይሻገርም። ማነው ያሰረው?»

«እኔ ራሴ ነኛ!» ጫማ ሰሪው ደረቱን ነፋ። «የአሮጌው ባትሪ ጉጥ ወፍራም ነበር። የዚህኛው ቀጠነና ቀለበቱ ሰፋው። ብሎኑን እስከ መጨረሻው ባጠብቀው እንኳ ይዞራል። እኔ ደግሞ የሰፋ ነገር ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም...»

ጋሽ ፍሬን ብሎኑን ፈተው ቀለበቱን መዘዙት። ውስጡ ዙሪያውን ስስ የበግ ቆዳ ገብቶለታል፤ ጠርዙ ሳይቀር አምሮ ተቆርጧል። ሌላኛውም እንዲሁ። የሽማግሌው ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ገበር አግብተህለት!»

ሚስቱ ከመኪናው ወርዳ አንገቷን አስግጋ አየች። «አንተ ሰውዬ! ባትሪውን ጫማ አደረግኸው?»

«ልክክ ብሎ ነበር እኮ» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ልክክማ ብሏል» አሉ ጋሽ ፍሬን እንባቸውን እየጠረጉ። «ግን ኤሌክትሪክ ቆዳ አያልፍም። ብረት ብረትን መንካት አለበት።»

ጫማ ሰሪው ጎንበስ ብሎ ቆዳዎቹን አየ። ወዲያው ዓይኑ በራ። «ብረት ከሆነ ብረት እናደርገዋለን!» ቆዳዎቹን መንጭቆ ወደ ሥራ ክፍሉ ሮጠ። ዘለበት የሚሠራበትን ስስ የነሐስ ዝርግ ከመሳቢያ አወጣ፣ ቆዳዎቹን ላዩ ላይ ዘርግቶ በወስፌ ዙሪያቸውን ጫረ፣ በመቀስ ቆረጠ፣ በእንጨት ላይ ጠቅልሎ አጎበጠ። እጁ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። ሲመለስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለለ።

«ቀስ፣ ፍሬን ያዝ!»

«ዛሬ ፍሬን የለም ጋሼ!»

ነሐሱ ከጉጡና ከቀለበቱ መካከል ገባ፤ ብሎኑ ጠበቀ። ቁልፉ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ ቦግ ቦግ አሉ፤ ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ተነሳ። ሚስቱ የመኪናውን ጣሪያ በጥፊ መታች። «ንዳው! ንዳው!» ሦስት ሰዓት ከአሥር ሆኗል።

መንገዱን ሙሉ እሷ ሰዓት እያየች ደቂቃ ስትጠራ፣ እሱ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ሁሉ ሲለምን ሄዱ። አራት ሰዓት ከስምንት ላይ የመኪናውን በር እንኳ ሳይዘጉ ወደ ባቡሩ ሮጡ። በየመስኮቱ ስር እያንጋጠጡ አንደኛውን ፉርጎ አለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉ።

«ማሙሽዬ!»

ከሦስተኛው ፉርጎ መስኮት ወገቧ ድረስ የወጣች ሴት ሁለት እጆቿን ታወናጭፋለች። «መጣ! አላልኳችሁም? ይመጣል አላልኳችሁም?» እያለች ወደ ውስጥ ትጮኻለች። ከግራና ከቀኝ መስኮቶች ጭንቅላት በጭንቅላት ሆነ። አንድ መንገደኛ የጫማ ሰሪውን በራ ራስ አይቶ «ኧረ ማሙሽ ሲሉን እኛ ልጅ መስሎን!» ሲል ፉርጎው በሳቅ ተናጋ።

እህቱ እየተንደረደረች ወረደች። ጉንጩን ሳመችው፣ ገፋ አድርጋ አየችው፣ እንደገና ሳመችው። ግንባሩ ላይ ጥቁር ግራሶ አገኘች። አውራ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ትጠርገው ጀመር። ባቡሩ ሙሉ እያየው፣ የሃምሳ ዓመቱ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ቀና አደረገላት።