በቀይ መስቀል የተሞላው ካርታ

ውዳሴ መንገድ ከመጀመሯ በፊት መንገድ የሚያሳያትን ነገር መምረጥ ነበረባት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ሽንዲ መኪና ከቆመ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ሽንዲ ያለችው ታላቅ እህቷ እህተ ማርያም የስኳር ታማሚ ናት፣ የቀራት ኢንሱሊን ለሁለት ቀን ቢበቃ ነው። ብስክሌት እስካሁን አልተከለከለም። አስፋልቱ ላይ ግን ተኩስ አለ፤ ቡሬን በሩቁ ትቶ በገጠር መዞር ግድ ሆነ።

የብስክሌት መጠገኛ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ ያላትን መዘነች። ስልኳ ላይ ኔትወርክ ሳይጠፋ ያወረደችው ካርታ አለ፤ በመንገዷ ላይ ካለው ወንዝ ማዶ ግን ባዶ አረንጓዴ ነው፣ የእግር መንገድ የሚባል አያውቅም። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተገኘ የወረዳ ካርታም አለ፤ ወንዞቹን አንድ በአንድ ያሳያል፣ ሲዘረጋ ግን አልጋ ልብስ ያክላል፣ የመንግሥት ማኅተሙም ታጣቂ ቢያየው ሰው ያስገድላል። የቀረው የየኔታ ቴዎፍሎስ ቃል ነው። የቅኔ መምህሩ የቆሎ ተማሪ ሳሉ አገሩን በእግራቸው አዳርሰውታል፤ መንገድ የሚነግሩትም በደብር ነው። ጊዮርጊስን በቀኝ ትተሽ የአርባዕቱ እንስሳን ዛፍ ፊት ለፊት እያየሽ ውረጂ ይላሉ። ደብር ሁሉ በዛፍ የተከበበ ነውና ከሩቅ ይታያል።

"በቃልሽ ያዢው፤ እንዳትጽፊው" አሏት።

ጻፈችው። ብስክሌት መፍታትም ካርታ ማንበብም ማንም ሳያስተምራት የቻለች ሰው፣ እንደ ቆሎ ተማሪ እያነበነበች ልትሄድ ነው? በደብተር ቅጠል ላይ ወንዙን በሰማያዊ፣ ብስክሌት በትከሻ የሚታለፍበትን ገደል በጥቁር፣ አሥራ አራቱን ደብሮች በቀይ መስቀል አሰፈረች። ደብር ያለ መስቀል በምን ይታወቃል? አብሯት የሚሠራው፣ አሁንም አብሯት የሚሄደው የአክስቷ ልጅ ክንዱ የየኔታን ቃል ቢያስታውሳት፣ አንተ ገበያ ለመሄድም መሪ የምትፈልግ ሰውዬ ዝም በል አለችው። ወረቀቱን እሱ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ቀሚሷ ኪስ የለውም።

ረፋዱ ላይ ቁልቁለት ሲወርዱ አምስት የታጠቁ ሰዎች ከበቆሎው ውስጥ ወጡ። አንደኛው ክንዱ በሚነዳው ብስክሌት ጎማ ውስጥ ዱላ ሰደደ። ክንዱ በመሪው ላይ ተወርውሮ በፊቱ ድንጋይ ላይ አረፈ። ስልኳን አደቀቁት። ለእህቷ የያዘችው ኢንሱሊን ያለበትን ፔርሙስ ከፍተው አይተው መለሱላት። ከዚያ ከክንዱ ኪስ ወረቀቱ ወጣ።

ራሱን በነጭ ፎጣ የጠመጠመው አለቃቸው መስቀሎቹን በጣቱ ተከተለ፤ ሦስቱ ላይ ቆመ። ባለፈው ሳምንት ያደሩት በነዚያ ዛፎች ሥር ነበር። በአንዱ ላይ ድሮን መጥቶባቸው ስድስት ሰው ቀብረዋል።

"ይኼን ማን ሣለው?"

"እኔ ነኝ" አለች ውዳሴ።

ዞሮ አላያትም። ሴት ይህን ትሥላለች ማለት በሐሳቡም አልመጣ። ክንዱን በሰደፍ አፉ ላይ መቱት፤ ሁለት ጥርስ ከነደሙ ተፋ። ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ አጋድመው ሰደፉን ደጋግመው አወረዱበት። ጣቶቹ ሲሰበሩ ድምፁ እሷ ድረስ ተሰማ። እኔ ነኝ እያለች ብትጠጋ በጥፊ ጭቃው ላይ ዘረሯት፤ ፍቅርሽን ሌላ ቀን ትነግሪዋለሽ ብለው ሳቁባት። የየኔታን ስም ከሁለቱ አንዳቸውም አልጠሩም። አለቃው ጠብመንጃውን አቀባበለ።

"ወረቀቱን ይዘህ ተመልከት" አለችው። "አንዲት መስቀል ብስት እኔን አስቀድም።"

ከወደቀችበት ሳትነሣ በጣቷ ጭቃው ላይ ሣለችው፤ ወንዙን፣ ገደሉን፣ አሥራ አራቱንም ደብሮች። ሰውዬው ከወረቀቱ ጋር እያስተያየ ጨረሰ። ሳቁ ቆመ።

"ካርታው ጭንቅላትሽ ውስጥ ነዋ። ጭንቅላትሽን ምን ላድርገው?"

"ክርስትና የተነሣህበት ደብር መንገዱ ይጠፋሃል? ያንተን ጭንቅላት ምን አደረግኸው?"

ጎኗን በጫማው ረገጣት፤ አጥንቷ ሲሰነጠቅ ታወቃት። ቀጥሎ የጭቃውን ካርታ በዚያው ጫማ ደመሰሰው፣ ወረቀቱን አቃጠለ፣ የክንዱን ብስክሌት ወሰደና ጥፉ አላቸው።

ክንዱን ከኋላዋ ጫነችው። ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ጎኗ ይወጋታል፤ የክንዱ አፍ ደም በአንገቷ ይወርዳል። ኮረብታው ጫፍ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። ከፊቷ አራት የዛፍ ክብ ተደርድሯል፣ አራቱም ጥቁር፣ አራቱም አንድ ዓይነት። ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ስም ነበረው፤ ከዚህ ሲታይ ዛፍ ብቻ ነው። ወረቀቱን እንጂ አገሩን አላጠናችም ነበር።

ሰው ጠይቃ የማታውቀው ውዳሴ ዞር አለች።

"ክንዱ፣ የትኛው ነው?"

የኔታ ሲናገሩ ሱቁ ጥግ ጎማ እየለጠፈ ሁሉን በቃሉ ይዞት ኖሯል። የደቀቀውን እጁን አነሣ። የሚያመለክትበት ጣት ስላልቀረው በደም የጠቆረውን ጭብጡን ወደ ሦስተኛው ዛፍ ዘረጋ።

ወደዚያው ነዳች። ፀሐይ ሳትጠልቅ መድኃኒቱን ይዘው ከእህተ ማርያም ደጅ ደረሱ።