የክት ጫማ

«ቁጭ በይ! ሰው እየገባ አይደል እንዴ?» አሉ የባሏ ታላቅ እህት፣ ትከሻዋን ጫን አድርገው።

ቁጭ አለች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሥራዋ ቁጭ ማለት ብቻ ሆኗል። ወንበሯ በግድግዳውና በጠረጴዛው መሃል ተሰንጎ፣ ጉልበቷን የምትዘረጋበት እንኳ የላትም። የመጣው ሁሉ ያጽናናትና ሻዩን ፉት እያለ ያንሾካሹካል።

«ፍየሉ እንዲህ በድንገት? ያ ዳገት ለዳገት የሚሮጥ ሰውዬ?»

ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ማጠቢያ ሥር ተጣጥፎ ስለሚውል፣ እሁድ እሁድ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ካልወጣ አጥንቱ የሚፍታታ አይመስለውም። ፍየሉ ያሉትም ለዚህ ነው። ለእሷም የራሱን የሚመስል የዳገት ጫማ ገዝቶላት ነበር።

«ነይ እንውጣ» ይላታል።

«ዛሬ ጭቃ ነው። ለክት ይቀመጥ።»

«የዳገት ጫማ ደግሞ ምን ክት አለው? ሰርግ አልጠራሁሽ!»

ይስቅና ብቻውን ይወጣል። ጫማው ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ዓመታት ከረመ። አሁን አንጀቷን የሚበላት ይኸው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አብራው አልወጣችም። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እሱ ይቆምበት ከነበረው ጫፍ መድረስ ፈለገች።

እንግዶቹ ሳሳ ሲሉ «ልብስ ልቀይር» ብላ መኝታ ቤት ገባች። ጫማውን አጥልቃ በጓሮ በር ሹልክ አለች።

ብርዱ ፊቷን ገረፋት። ሣሩ ላይ አመዳይ ጋግሯል። ጫማው እግሯን ልክክ ብሎ ይዟታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች። ገና የኮረብታውን ወገብ ሳትይዝ ግን የቀኙ ሶል አፉን ከፈተ። ጥቂት ጎተተችውና ተገንጥሎ ወደቀ። ግራውም ተከተለ። አንስታ ብትጨብጠው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ሳይረገጥበት አርጅቷል።

ጫፉ ይታያታል። የቀረውን አውልቃ በካልሲ ልትወጣ ብትሞክር አመዳዩ አንሸራቶ በጉልበቷ ጣላት።

«ወይ አንተ ሰውዬ፣» አለች፤ «ይኸውልህ ክቱ!» እዚያው እንደተንበረከከች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ስትመለስ የባሏ እህት ጓሮ በር ላይ ቆመዋል። ሊቆጧት አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ እጇ ላይ የተንጠለጠለውን ጫማ ሲያዩ ዓይናቸው ወደ እግሯ ወረደ።

«እግርሽ ረጥቧል» አሉ። ካለፈው እሁድ ጀምሮ በሩ ሥር የቆመውን የወንድማቸውን ጫማ አንስተው፣ የደረቀውን ጭቃ ሊያራግፉ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ይተዉት እትዬ። ከነጭቃው ይሁን።»

ያው ወንበር፣ ያው ግድግዳ። አዲስ እንግዶች ገብተው «በርቺ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ይሏታል። እሷም ራሷን እየነቀነቀች፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ በሰፋት የባሏ ጫማ ውስጥ እግሯን ታነሳለች። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ።