የአንደኛ ክፍል ባቄላዎች

ወረርሽኙ መጥቶ ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ፣ ግቢው ውስጥ የቀረሁት እኔ ዘበኛው ብቻ ነበርኩ። የአንደኛ ክፍል ልጆች በየጣሳው የዘሩትን ባቄላ በአደራ ተቀበልኩ። ጠዋት ጠዋት ጣሳው ላይ የተጻፈውን ስም እየጠራሁ አጠጣለሁ፤ "አቤት" የሚል ግን የለም። ዓርብ ዓርብ ፎቶ አንስቼ ለመምህርቷ እልካለሁ፣ እሷም ለወላጆች ታዳርሳለች።

አንድ ሳምንት የወላቃዬ ባቄላ ደረቀብኝ። የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ነው እንዲህ የምላት። ልቧ እንዳይሰበር ብዬ፣ ለራሴ የተከልኩትን ነቅዬ ጣሳዋ ውስጥ አዛወርኩና ፎቶውን ላክሁ።

ብዙም ሳይቆይ በእናቷ ስልክ ደወለች።

"አባባ፣ ይሄ የኔ አይደለም! የኔ ጎባጣ ነበር።"

አፈርኩ። "ደርቆብኝ ነው ልጄ። ይሄ የራሴ ነው። አትቀየሚኝ።"

"እዚያ ከማን ጋር ነዎት?" አለችኝ።

"ከማንም። ስማችሁን እጠራለሁ፣ አቤት የሚለኝ የለም እንጂ።"

"እንግዲያው ጣሳዬ ላይ የእርስዎን ስም ይጻፉ። ሲጠሩት አቤት ይበሉ!"

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም በየተራ ጠራሁ። መጨረሻ ላይ የራሴን ስም ጠራሁት። ከተጠራ ሁለት ወር አልፎት ስለነበር ለጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ። ዙሪያዬን አየሁና፣ ቀስ ብዬ፣ "አቤት" አልኩ።