የሶፊ ምስክርነት

ሚልክያስን ያመንኩት ባሌ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ልጃችን ሶፊ ሦስት ዓመት አልፏት መቆም ሲያቅታት፣ ግቢያችን ውስጥ ሁለት አጣና ጎን ለጎን በደረቷ ልክ ያሰረላት እሱ ራሱ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ሃይሚ፣ «እድገቷ ዘግይቷል እንጂ እግሯ ይሠራል። አዝላችኋት አትዋሉ፣ መሬት አውርዷት። አጣናውን ይዛ በየቀኑ ትቁም፣ ትራመድ። ካቋረጣችሁ ግን ያገኘችውን ታጣዋለች» ብላን ነበር። ለወራት አሠራናት። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ፣ ምን ላድርግ። በመጨረሻ ሁለቱንም እጇን ለቅቃ ለአፍታ መቆም ጀመረች።

እናቴን ላስታምም ቢጠና ወደምትባል ከተማ ስሄድ ሶፊን ጥያት የሄድኩት ስፖርቷ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። ሚልክያስ ልብስ ሰፊ ነው፣ የሚሰፋውም በራችን ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አብሯት ይውላል። ደውዬ «ስፖርቷን ሠራች?» ስለው፣ «ጎብዛለች፣ አታስቢ» ይለኛል። እኔ ሞኝ ደግሞ አምኜው እውላለሁ።

ከወር በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ስመለስ አጣናው የለም። ሶፊ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች።

«የሶፊ አባት፣ እንጨቱስ?»

«ነቀልኩት። አንቺ በሄድሽ ሰሞን ጉባኤ ላይ ተጸለየላትና እጄን ለቅቃ ቆመች። ተፈውሳለች ብዬ መሰከርኩ። ከዚያ በኋላ እንጨት ባስይዛት ሰው ምን ይለኛል?»

«ድሮም ትቆም ነበር እኮ። አንተም ታውቃለህ። ስልክ ላይ ጎብዛለች ያልከኝስ?»

መቀሱን አንስቶ ጨርቅ መቁረጥ ጀመረ። እኔም እጸልያለሁ እኮ፤ ጌታ ስፖርቷን ተዉ ያለኝ ቀን ግን የለም።

በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋቢው እናቷም መጥታለች ብለው ሦስታችንንም መድረክ ላይ ጠሩን። «አታቁማት፣ እለምንሃለሁ» አልኩት በጆሮው። እንዳልሰማ ሆኖ ሶፊን መሐል ላይ አቁሞ ለቀቃት። ጉልበቷ ወዲያው ከዳት፣ በአፍንጫዋ ተደፋች። እልልታው ቀጥ አለ። ሮጬ አነሳኋት።

ሚልክያስ ማይኩን ከመጋቢው ተቀበለ። አሁን እንኳ እውነቱን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት፤ እዚያ ካለው ሰው ሁሉ፣ ድሮም ትቆም እንደነበር ከእኔ ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ወገኖቼ፣ ልጄ ተፈውሳ ነበር» አለ። «እናቷ ናት ትናንት መጥታ የተጠራጠረችው።»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ሽታዬ ልጄ፣ ንስሐ ግቢ» አሉኝ፣ አዝነውልኝ። ሶፊ አፍንጫዋ እየደማ፣ መልሶ የሚያቆማት መስሏት እጆቿን ወደ አባቷ ዘርግታለች።