የአባቴ ማይል

አባቴ አርቪድ ስልኩን አፍጥጦ ያያል። "ከስቶክሆልም ባንኮክ አምስት ሺህ ማይል! ሃምሳ ሺህ ኪሎሜትር እኮ ነው። ቱቫ፣ እዚያ ያለችው ምስኪኗ እህትሽ እንዴት ብላ ትምጣ?"

"አባዬ፣ እሱ የእንግሊዝ ማይል ነው! አሥር ኪሎሜትሩን አንድ ማይል የምንለው እኛ ስዊድኖች ነን።"

"ማይል ማይል ነው።"

"ሃምሳ ሺህ ብትበር እኮ ምድርን ዞረህ ታልፋለህ!"

ይህን ስነግረው አራተኛ ጊዜዬ ነው፤ ደሜ ፈላ። ወረቀት ስቤ በትልልቁ ጻፍኩለት፦ ስምንት ሺህ ኪሎሜትር፣ አሥራ አንድ ሰዓት የሚፈጅ በረራ። "ዛሬ ከሰዓት ብትሳፈር ነገ ቁርስህን እዚያ ትበላለህ። አሁንስ ገባህ?"

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው።

"አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልመጣችው ለምንድን ነው?"