ስትረሳው

የቢሮው ሰዎች «እትዬ አይሸፍንም» ይሏታል። የኢንሹራንስ ደንበኞች ስለ ቤታቸውና ስለ መኪናቸው ሲጠይቁ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት፤ አብዛኛው መልሷ ደግሞ ይኸው ነው። ሰው ውሉን ሳያነብ ይፈርምና ጣሪያው ሲያፈስ ከእሷ ጋር ይተናነቃል።

ስለዚህ ነገሩ ሳይደርስበት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ደስ አላት። ልብሱ ንጹህ፣ አንደበቱ ቁጥብ የሆነ ነጋዴ ነው። ከከተማው ዳር ባዶ ቤት አለው፤ ቢቃጠል ካሳ ያገኝ እንደሆነ ጠየቃት። ሰው ሳይኖርበት ከወር በላይ የቆየ ቤት ሽፋን እንደሌለው ነገረችው። ፊቱ ክፉኛ ሲጠቁር አንጀቷን በላት፤ ያልተጠየቀችውን ምክር ጣል አደረገች፤ አንድ ዘመድ ቢያስገባበትስ? ሰውየው ጥቂት አሰበና ጧሪ የሌላት አክስት እንዳለችው ተናገረ። አመስግኗት ወጣ።

ዳግመኛ ሲመጣ አክስትየዋ ገብታለች። አርጅታለች አለ፤ ማሽተት ካቆመች ቆይታለች፤ የጋዝ ምድጃውን ብትረሳውስ? በስህተት ከሆነ ይሸፍናል አለችው። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ምነው በበዛ ብላ ለባልደረቦቿ ሳይቀር አወራች።

ዛሬ ጠዋት ደወለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው።

«እህቴ፣ አንዲት ነገር ብቻ ላጣራ። አክስቴ ጋዙን ስትረሳው፣ እኔ ሌላ ከተማ መሆኔ ችግር አለው?»

«ብትረሳው ማለትዎ ነው?»

 «አዎ፣ ብትረሳው» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን እንደያዘች ቀረች። አንዲት ፊደል ናት፣ ሰው ይሳሳታል ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ ግን አልሆነላትም። ፈራች። ፖሊስ ጋ ደውላ በምን እንደጠረጠረችው ሲጠይቋት «በአንዲት ፊደል» ማለት አሳፍሯት ስልኩን ዘጋች። አድራሻውን ከማኅደሩ አየችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ታክሲ ያዘች።

በሩ ላይ ስትደርስ የጋዝ ሽታ ጉሮሮዋን ያዛት። ደበደበች። አሮጊቷ ክብሪት በእጇ እንደያዘች ከፈተችላት፤ ሻይ ልታፈላ ነበር። ማለዳ የወንድሟ ልጅ ሊሰናበታት መጥቶ ምድጃውን አይቶላት ሄዷል።

ክብሪቱን ነጠቀቻት። እየሮጠች ጋዙን ዘጋች፣ መስኮቶቹን በረገደች። ተመልሳ የአሮጊቷን ክንድ ያዘች።

«እማማ፣ ይምጡ። አሁኑኑ ከዚህ ቤት እንውጣ።»

አሮጊቷ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«የት ልሂድ ልጄ? ባዶ እንዳታደርጊው ብሎኛል፤ ሰው ከሌለበት አይሸፍንም አሉ። ሜዳ ላይ ቀርቼ ነበር እኮ። አንዲት የኢንሹራንስ ልጅ ናት ዘመድ አስገባበት ብላ የመከረችው። እግዜር ይስጣት፤ እሷን ሳልመርቅ አልተኛም።»